አርባ አንድ ስም በአንድ ጣት

ኤጀታ ሚስቱን የቀበረ ዕለት አላለቀሰም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች እምነቱ ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከነቀምት የመጡ ወንድሞቹ ደግሞ ወንድነቱ ነው አሉ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስለነበር ሁለቱንም አላመንኩም። የሰጡት የሻይ ብርጭቆ ጣቱን እያቃጠለው አላስቀመጠውም፤ ወስጄ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ሰውየው ደንዝዞ ነበር፤ እንደደነዘዘም ከዓመት በላይ ቆየ።

እኔ ዘርትሁን እባላለሁ። ጉርድ ሾላ፣ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለድርጅቶች የሰው መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ቢሮ ነበረን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጎበና ናቸው። እኔ ጸሐፊ ተብዬ ተቀጥሬ ፋይል ጠባቂም፣ ስልክ አንሺም፣ የተጣላ አስታራቂም ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ኤጀታ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። አሳየች ደግሞ መስክ እየወጣች ሰው የምትመዘግብ ልጅ ነበረች። ሁለቱ የተግባቡት እኔ ጠረጴዛ ፊት ነው። እሷ የመመዝገቢያ ማሽኔ ተበላሸ ትላለች፣ እሱ ይጠግናል፤ በማግስቱ ያው ማሽን ያው ቦታው ላይ ይበላሻል። በሦስተኛው ቀን ሳቄ መጣና «እናንተ ልጆች፣ ማሽኑን ተዉትና ሽማግሌ ላኩ» አልኳቸው። እውነትም ሽማግሌ ተላከ፤ በሁለት ሺህ ስድስት ተጋቡ።

ከሠርጉ በኋላ የካ አባዶ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ገቡ። የእኔም ቤት እዚያው ከእነሱ ብሎክ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ወደ ጉርድ ሾላ እንወርዳለን። ሰልፉን ሳይጨምር አንድ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው። አሳየች መንገዱን ሙሉ ታወራለች፣ ኤጀታ ይሰማል፣ እኔ አንቀላፋለሁ። ስለ ትዳራቸው የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ደስ የሚል ነበር።

መዝገቡ የተጀመረው በሁለት ሺህ ሰባት ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት በየካ ለሚኖሩ ችግረኞች በየወሩ ዱቄትና ዘይት ሊያድል ተነሳ። ተመዝጋቢው ስልሳ ሦስት ሺህ ሰው ነው። አንዱ ሰው በሁለትና በሦስት ስም ተመዝግቦ የሌላውን እንዳይወስድ የሁሉም አሻራ ይወሰድና ይመሳከር ተባለ። መመዝገቡም ማመሳከሩም ለእኛ ቢሮ ተሰጠ።

አሻራ መውሰድ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማመሳከሩ ነው። ኤጀታ እንዳስረዳኝ አንዱን አሻራ ከሌላው ጋር ማስተያየት ለኮምፒውተር የዐይን ጥቅሻ ታህል አትፈጅም። ነገር ግን አንዷ ሴት ከተቀሩት ስልሳ ሦስት ሺህ ጋር መታየት አለባት፤ ሁለተኛዋም እንደዚያው፤ ሦስተኛዋም። ተደምሮ ሁለት ቢሊዮን ገደማ ማስተያየት ይሆናል። የቢሮው ኮምፒውተር ይህን አንድ በአንድ እያየ ቢሠራ ከሰባት ወር በላይ ይወስድበታል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ይታወቃል።

ስለዚህ አቶ ጎበና መላ መቱ። ከየመቶው ሰው አንዱ ብቻ እየተመዘዘ እንዲታይ፣ የቀረው ወደፊት እንዲጣራ አዘዙ። ወደፊት ማለት በእኛ ቢሮ ቋንቋ በጭራሽ ማለት ነው። ይህን መዝጋቢዎቹ በሙሉ ያውቁ ነበር። አሳየችም ታውቅ ነበር፤ የነገራት ባሏ ነው።

በዚያ ዓመት አሳየች የተመደበችው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ጉራራ፣ እንጦጦ ሥር በተተከለ ድንኳን ነበር። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ከተራራው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። አንድ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስለ እነሱ አማረረችልኝ። ዕድሜ ልካቸውን ቅጠል በእጃቸው ሲያፍሱ፣ ልጥ ሲልጡ፣ ገመድ ሲጎትቱ ኖረው ጣታቸው አልቋል፤ መስመር የሚባል ነገር የለውም፤ ማሽኑም አላነብም ይላል፤ ማሽኑ ካላነበበ ደግሞ ቅጹ አይዘጋም አለችኝ። በሎሚ አሸቻቸው፣ ቫዝሊን ቀባቻቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገቻቸው፤ አንዳንዶቹ እሺ አሉ፣ አንዳንዶቹ እንቢ። ለአቶ ጎበና ንገሪ አልኳት። ነገረቻቸው። አሻራው ያልተነበበ ሰው አይመዘገብም፣ ደንብ ደንብ ነው አሏት።

ከሳምንት በኋላ ማማረሯን ተወች። እኔም ነገሩ መፍትሔ አገኘ ብዬ እንቅልፌን ቀጠልኩ።

በሁለት ሺህ ስምንት ጥቅምት ላይ አሳየች ሰኞ ዕለት ራሴን አመመኝ አለች። ማክሰኞ እንደምንም ሥራ ገባች። ረቡዕ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐሙስ ቀበርናት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር።

ኤጀታ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ሰው ምን በላህ ሲለው «በልቻለሁ» ይላል፤ እንዴት ነህ ሲለው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ጺምህ አደገ ሲባል ይላጫል። እምቢ የሚለው ነገር አልነበረውም። ስለ ሚስቱ ሲናገር «አሳየች ከሄደች በኋላ» ነው የሚለው፤ «ሞተች» የምትለውን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳህን ቢሰብር፣ ጠረጴዛ ቢመታ፣ ባለ ታክሲ ቢሰድብ ምን አለበት እያልኩ እናደድበት ነበር። ለቅሶውን የት እንዳስቀመጠው ማወቅ ቸግሮኝ ነበር።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ኅዳር ላይ ከእርዳታ ድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። ስልሳ ሦስት ሺሁ ሰው በሙሉ ተመሳክሮ የጠራ ዝርዝር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልደረሰን ውላችን ይቋረጣል ይላል። የተደጋገመ አሻራ የተገኘባቸው ስሞች በሙሉ ከመዝገብ እንዲሰረዙም ያዛል። አቶ ጎበና ደብዳቤውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀመጡና ሰባት ወር፣ ሰባት ወር እያሉ ግንባራቸውን አሹ። ኤጀታ ቀና ሳይል «በስድስት ሰዓት ይሠራል» አለ።

የቀለደ መስሏቸው ነበር። ቀልድ ግን ከተወ ቆይቷል። ለቪዲዮና ለጌም ተብሎ የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ውስጡም ሺህ ትንንሽ ሠራተኞች እንዳሉ፣ አንድ በአንድ ሲታዩ ሰነፎች ቢሆኑም ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚሠሩ በዚያ በደረቀ ድምፁ አስረዳ። ማመሳከር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ አንዱ ጥንድ እስኪያልቅ ሌላው ጥንድ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። እኔም ገባኝ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ነው። አቶ ጎበና ግን እኔን ምሳሌሽን ተይ ብለው እሱን ካርድ ግዛ አሉት።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ጠየቅሁት። ልቅሶ ቤት ነው አለኝ። አሳየች በተቀበረች ማግስት የእድሩ ሴቶች አንድ ኬሻ ሽንኩርት ይዘው ሲቀመጡ ያያቸዋል። ሠላሳ ሴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሽንኩርት ልጠው ኬሻውን በግማሽ ሰዓት ጨረሱት። አንድ ጊዜ ብቻ ሥራው ቆመ፤ ሽንኩርቱን የምታድለዋ ሴት ተጠርታ ስትወጣ ሠላሳውም ቢላዋቸውን ይዘው ጠበቋት። ያን ጊዜ ችግሩ ልጣጩ ሳይሆን እደላው እንደሆነ ገባው። አሻራዎቹን አስቀድሞ በብዙ በብዙ እያደረገ ካርዱ ውስጥ ካላስቀመጠላቸው ሺሁም ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ያኔውኑ አወቀ። ሚስቱን ትናንት ቀብሮ ሽንኩርት ላጭ ሲቆጥር የሚውል ሰው! ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ፤ ሰው ልቡ ሲዘጋ ዐይኑ የሚያርፍበት አይቸግረውም።

ካርዶቹን ያገኘው መገናኛ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ ከሚያቀናብር ሰው ነው። ሰውየው ሥራ ቀዝቅዞበት ዕቃውን እየሸጠ ነበር፤ አራት አሮጌ ካርዶች ከነአቧራቸው ሰጠው። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር ከናይሮቢ የመጣ ጓደኛው በፍላሽ ይዞለት መጣ። ኤጀታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጽፎ ሠራው። መብራት ቢጠፋ ከዜሮ እንዳይጀምር በየአሥር ደቂቃው የደረሰበትን እንዲመዘግብም አደረገው። አቶ ጎበና በየቀኑ እየመጡ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉታል፤ መቼ ነው የሚያልቀው የሚሉትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት አስጀመረው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር እኔም ገባሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ሁለት ጊዜ ካቆመበት ቀጠለ። ካርዶቹ እንደ ወፍጮ እየጮኹ ክፍሉን አሞቁት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ስድስት መቶ የሚሆን ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ፤ አንዱ ዱርዬ በአራት ስም ተመዝግቧል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ አውራ ጣት በአርባ አንድ ስም ተገኘ።

ከሰዓት በኋላ የመጡት አቶ ጎበና እጃቸውን አፋተጉ። አርባ አንድ ሌባ በአንድ ወጥመድ አሉ። ይህን ለድርጅቱ ሲያሳዩ ውሉ ለአምስት ዓመት እንደሚታደስ እርግጠኛ ሆነው ስልክ ሊደውሉ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ኤጀታ ያን አሻራ አጉልቶ ስክሪኑ ላይ አመጣው። መስመሮቹ ክብ ክብ እየሠሩ ይወርዳሉ፤ መሐል ላይ አንድ ነጭ ሰረዝ አግድም ቆርጧቸዋል። ትክ ብሎ አየው። እኔ ሥራ ነው ብዬ ቦርሳዬን ማሰናዳት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ይሄ የአሳየች ጣት ነው» አለ።

ቀረብ ብዬ አየሁ። ከተጋቡ በሁለተኛው ወር የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ስትከፍት አውራ ጣቷን ቆርጧት ነበር። ክሊኒክ ወስዶ በሦስት መርፌ ያሰፋላት እሱ ነው። ፋሻዋን አሳይታኝ ምግብ ከማብሰል አሥር ቀን ተረፍኩ ብላ ስቃለች። ሰረዙ እሱ ነው።

አርባ አንዱንም ፋይል ከፈትናቸው። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ አሮጊት። ሁሉም የጉራራ ድንኳን ናቸው። የሁሉም ፎቶ የተለያየ፣ የሁሉም ጣት አንድ። ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አልነበረም። ማሽኑ አላነብም ሲላት አሳየች የራሷን አውራ ጣት እያስገባች ቅጹን ዘግታላቸዋለች። ለአርባ አንድ ሴት ጣቷን አበድራለች። ሰባት ወር የሚፈጅ ማመሳከር ማንም እንደማያደርገው ታውቅ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይታወቅብኛል ብሎ አይሰጋም። ባሏ ሥራውን ወደ ስድስት ሰዓት እንደሚያወርደው አላወቀችም።

ኤጀታ ለአቶ ጎበና ልንገራቸው አለኝ። እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ኮሪደሩን ገልመጥ አየሁና በሩን ገፋ አደረግሁት። ብትናገር መዝገቡ በሙሉ ይጠረጠራል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሁላችንም እንበተናለን አልኩት። ከሁሉም በላይ ልጅቷን አጭበርባሪ ይሏታል፤ የሞተች ሴት አፍ የላት፣ ማን ይመልስላታል አልኩት። ሴቶቹ እንደሆነ ያለ ዱቄቱም ኖረዋል፣ ይኖራሉ አልኩ። ይህን ያለችው ይህቺው አፌ ናት።

«ዝም በል» አልኩት።

«እሺ» አለ። ምን ቢሉት እሺ ይል ነበር፤ እኔም ያንን አውቄ ነው የተናገርኩት።

ሰኞ ዝርዝሩ ተሰጠ። የአርባ አንዱ ሴቶች ስም ተሰረዘ። አቶ ጎበና ምሳ ጋበዙን፤ ኤጀታም የቀረበለትን በላ። በዚያ ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ስንሄድ መስኮቱን ሲያይ አየዋለሁ፤ ከውስጡ ምንም አይነበብም። እኔ ግን እንቅልፌ ጠፋ። ላምበረት ገበያ ሄጄ ቅጠል ተሸክማ የምታልፍ ሴት ሳይ ፊቴን ማዞር ጀመርኩ።

እደላው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከደረጃው በኩል የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ኮሪደሩን ሞሉት። ሸክማቸውን ታች ዘበኛው ዘንድ አስቀምጠው ነው የመጡት፤ ነጠላቸው ላይ ቅጠል አለ። ከፊት ያሉት እማማ ለተጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ስልሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ በቀኝ እጃቸው የተሰረዘ ካርዳቸውን ይዘዋል። አቶ ጎበና ድምፁን ሲሰሙ ስብሰባ ላይ ነኝ በይ ብለውኝ በራቸውን ዘጉ። ብቻቸውን ነበሩ።

እማማ ለተጊዮርጊስ አልጮኹም። ዱቄት ማደያው ላይ አንድ ሰው ሰው ፊት ሌባ እንዳላቸው፣ ስማቸው በሌላ ሰው ጣት እንደተገኘ እንደነገራቸው፣ የሚያሳድጓት የልጅ ልጃቸው አብራቸው ቆማ እንደሰማች ነገሩኝ። የደረቀውን እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ እኔ የማንንም ጣት አልሰረቅሁም» አሉኝ። «ያቺ የመዘገበችን ልጅ አለች፤ አሳየች የምትባል። እሷን ጥሩልን። ጣቴን በእጇ ይዛ በሎሚ አሽታዋለች፤ እንቢ ሲላት አይዞዎት ብላ የራሷን አስቀመጠች። እሷ ታውቀናለች። እሷ ከመጣች ነገሩ ያልቃል።»

እጃቸውን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ኤጀታ ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹም አዩት። እማማ ለተጊዮርጊስ ወደ እሱ ዞረው፣ አንተ ልጅ፣ ታውቃታለህ፣ አሉት።

«ሚስቴ ነበረች» አለ። «ሞታለች፣ እማማ። ዓመት አልፏታል።»

አሮጊቷ ካርዱን ከእጃቸው ጣሉት። መጀመሪያ ያመኑትም አልመሰለኝ። ከዚያ ደረታቸውን መቱና እኔን ልጄ፣ እኔን፣ አሁን እኔ ቆሜ አንቺ ልትሄጂ፣ እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላ ያሉት ምን ሆነ ምን ሆነ ተባባሉ፤ ሲነገራቸው እነሱም ተቀበሉ። ጉርድ ሾላ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ የኢንሹራንስ ቢሮውና የጥርስ ክሊኒኩ ሠራተኞች በር በራቸው ላይ ቆመው እያዩ፣ ለዱቄት የመጡ ሴቶች ለአሳየች ልቅሶ ተቀመጡ። አንዷ ሙሾ አወጣችላት፤ ጣቷን ለድሃ ያበደረች እያለች። የዱቄቱን ነገር ያነሳ አልነበረም። በቀብሯ ቀን ያልሰማሁትን ልቅሶ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ኤጀታ አላለቀሰም። ግን ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ተቀመጠ። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ራሴን ጠላሁት። አይናገር ያልኩት ለእሷ ስም አስቤ ነበር፤ ስሟ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ከማንም ስም በላይ ንጹሕ ነበር።

ልቅሶው በረድ ሲል ኤጀታ ተነስቶ የአቶ ጎበናን በር ሳያንኳኳ ከፈተ። ጣቱ የሚስቴ ነው፣ ሴቶቹ ሌባ አይደሉም፣ ዝርዝሩ ከመሰጠቱ በፊት አውቄው ነበር አላቸው። እኔ ዝም በል ያልኩትን አልተናገረም። ተከትዬው ገባሁና እኔም እንደማውቅ ነገርኳቸው። አቶ ጎበና ቢሮውን ልትዘጉት ነው፣ አብዳችኋል፣ ለማን ብላችሁ ነው አሉን። ኤጀታ ግን ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ለእርዳታ ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈና ፈረመ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ድርጅቱ አንዲት ሴት ላከ። ፎቶውን እያየች፣ የሰፈር ምስክር እየጠራች ሴቶቹን አንድ በአንድ ለየቻቸው። ሠላሳ ዘጠኙ ቀረቡ። አንዷ ደብረ ብርሃን ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ አንዷ ሞታለች። ለሠላሳ ዘጠኙ አሻራ የማያስፈልገው ካርድ ተሰጣቸው፤ እንዲህ ያለ ካርድ መስጠት እንደሚቻል ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። በመዝገቡ ላይ ግን መዝጋቢዋ ደንብ ጥሳለች ተብሎ ተጻፈ፤ ሐሰተኛው አሻራ ከአርባ አንዱም ፋይል እንዲጠፋ ታዘዘ። የእኛም ውል አልታደሰም። ኤጀታ በወሩ መጨረሻ ሥራውን እንዲለቅ ደብዳቤ ደረሰው፤ እኔን አቶ ጎበና የሚተካኝ እስኪያገኙ አቆዩኝ።

ማጥፋቱን ሌላ ሰው ይሥራው አልኩ። እኔ ነኝ የምሠራው አለ።

የመጨረሻው ቀኑ ዓርብ ነበር። ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፤ እኔም ወንበር ስቤ አጠገቡ ሆንኩ። አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ ቁልፍ ቢጫን አርባ አንዱም እጁን ሳያነሳ ይጠፋሉ። ሰባት ወሩን ስድስት ሰዓት ያደረገ ሰው ይህ አይጠፋውም። እሱ ግን የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ፤ ፎቶውን አየ፤ ስሙን በቀስታ አነበበ፤ ጣቱን አጉልቶ አየው፤ ከዚያ አጠፋው። ሁለተኛውን ከፈተ። በአንዳንዱ ላይ ጣቷ ቀጥ ብላ አርፋለች፤ በአንዳንዱ ላይ ቸኩላ ጎን ብላለች፤ አንዱ ላይ እጇ ላብ ስለነበረው መስመሩ ደብዝዟል። ምሳ ሳትበላ የሠራችበት ቀን ይሆናል አለኝ። በሌላው ላይ ሰረዙ ብቻ ጎልቶ ወጥቷል። ሰዓቱን እያየሁ አንድም ጊዜ አፍጥን አላልኩትም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ከቢሮው ሰው ሁሉ ወጣ።

አርባኛውን ካጠፋ በኋላ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«እትዬ፣ ይሄን አንቺ አጥፊልኝ» አለኝ።

ቦታውን ለቀቀልኝና ከኋላዬ ቆመ። አርባ አንደኛዋ ጥርስ የሌላቸው፣ ካሜራውን የፈሩ የሚመስሉ አሮጊት ናቸው። ከሥራቸው የአሳየች አውራ ጣት አለ፤ ጥርት ያለ፣ ከነጠባሳው። ኮምፒውተሩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ የሚለውን ነካሁት። ቦታው ነጭ ሆነ።

ከኋላዬ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁ። ከዚያ አለቀሰ። ስሟን እየጠራ፣ ሞተችብኝ እያለ፣ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ከዓመት በላይ ስጠብቀው የነበረ ለቅሶ ነው፤ ሲመጣ ግን ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ተነስቼ ትከሻውን ያዝኩት። ዝም በል አላልኩትም።